አራት ጥያቄ በስንት ብር ይሸጣል?

ለመስቀል አገር ቤት መግባት ለጉራጌ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ቁጭ ብዬ አላስረዳም። ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ውስጥ ሲሯሯጥ የከረመው ሁሉ በዚያች ሳምንት ሱቁን ቆልፎ ይወጣል፤ አውቶቡሱም ሚኒባሱም ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ይተምማል። እኔም እንደ ወጉ ገባሁ። ደመራው ተለኮሰ፣ ክትፎው ተበላ፣ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነሡ። ምርቃት ላይ ደግሞ ኮፍያ ይወልቃል።

እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው። ወልቂጤ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሦስት ቀን ሙሉ ከራሱ ያላወረዳትን ኮፍያ አወለቀ። “ብርድ ነው” ሲለን ነበር የሰነበተው። (በወልቂጤ! እሳት እየሞቅን!) ኮፍያዋ ስትነሣ ታዲያ አናቱ መሀል ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ራቁቷን ቁጭ ብላለች። አንዱ አጎታችን ምርቃቱ እስኪያልቅ እንኳ አልታገሠም። “አንተ ልጅ፣ ግንባርህ ከማጅራትህ ጋር ሊጨባበጥ ነው እኮ!” ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜም ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ከደረት ኪሱ አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት አወጣ። ውስጧ ክኒን አለ። ምላጭ አመጣና ጠረጴዛው ላይ ክኒኗን ለአራት ሰነጠቃት። አንዷን ሩብ በውኃ ዋጣት፣ ሦስቱን መልሶ ጠቀለላቸው። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ዱቄት ሚስቱ በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ቁርሱን አቀረበችልን።

ሚስቱ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ክኒኗ ማን ናት?

“ምንድን ናት?” አልኩት።

“የፀጉር ናት።”

“ማን አዘዘልህ?”

“ፋርማሲው።”

“ምን ብሎ ጠየቀህ?”

“ምን ይጠይቀኛል? ብሩን ሰጠሁት፣ ክኒኑን ሰጠኝ። ‘ለአራት እየከፈልክ ዋጥ፣ ይረክስልሃል’ ብሎ ደግሞ መከረኝ።”

ጋዜጠኝነት ተምሬ ሥራ ፍለጋ ላይ ብሆንም የተማርኩት አልጠፋብኝም። መጀመሪያ ምንጩን ማየት ነው። ካርቶን የለውም፣ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው መግለጫ ወረቀት የለውም። ማሸጊያው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት፦ ፊናስቴራይድ፣ 5 ሚሊ ግራም።

ይህች ክኒን ስትወለድ የፀጉር መድኃኒት አልነበረችም። ነገሩ የሚጀምረው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ በምትገኝ አንዲት መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች እዚያ በተፈጥሯቸው አንድ ኢንዛይም የሚጎድላቸውን ወንዶች አጠኑ። የወንዱን ሆርሞን ቴስቶስቴሮንን ዲ.ኤች.ቲ. ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን የሚለውጠው ኢንዛይም ነው የጎደላቸው። እነዚህ ሰዎች ሲያረጁ ፕሮስቴታቸው አያብጥም፣ መላጣም አይሆኑም። ሳይንቲስቶቹም “ይህን ኢንዛይም በመድኃኒት ብናስቆመውስ?” አሉ። ፊናስቴራይድ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባለ 5 ሚሊ ግራሙ ለሽማግሌዎች የፕሮስቴት እብጠት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ባለ 1 ሚሊ ግራሙ ለወንዶች የፀጉር መመለጥ ተፈቀደ። ወንድሜ የሽማግሌውን ክኒን እየሰነጠቀ ነው የወጣቱን መጠን የሚያወጣው።

ልብ በሉልኝ፣ ያቺ መንደር ሌላም ነገር አስተምራለች። እነዚያ ልጆች ሲወለዱ የወንድ አካላቸው በቅጡ አልተሠራም ነበር፤ ብዙዎቹ ሴት ተብለው ነው ያደጉት። ለምን? ዲ.ኤች.ቲ. ማኅፀን ውስጥ የወንዱን ፅንስ አካል የሚቀርጸው ሆርሞን ስለሆነ ነው። ለዚህ ነው የክኒኗ መግለጫ ወረቀት ላይ “ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ወይም የደቀቀውን ክኒን በእጇ አትንካ” ተብሎ የተጻፈው። ያልተሰበረው ክኒን ሽፋን አለው፤ ምላጩ ግን ሽፋኑን ከፈተው።

ያ ወረቀት ወልቂጤ አልደረሰም። ምላጩ ግን ደርሷል።

ይሠራል ወይ?

አሁን “ይህቺ ልጅ ክኒን ልታስከለክል ነው” የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ቆዩ!

ይሠራል። ይህን መካድ ውሸታምነት ነው። የዘር የሆነው፣ ከግንባርና ከአናት የሚጀምረው የወንዶች መመለጥ ላይ ፊናስቴራይድ የብዙውን ሰው መርገፍ ያስቆማል፤ ለአንዳንዱም የጠፋውን ያህል ባይሆን የተወሰነ ይመልስለታል። በጥናት የተፈተነ ነው፤ በየገበያው ከሚዞረው ቅባትና ዘይት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ፀጉሩ ሲሄድ አብሮ ልቡ የሚሄድበት ወጣት ይህን መፈለጉም ነውር አይደለም። ሰው ለጥርሱ ይከፍል የለም እንዴ? ለፀጉሩ ቢከፍል ምን ይገርማል?

ጉዳቱም ቢሆን ሰዎች በሹክሹክታ እንደሚያጋንኑት አይደለም። “ወንድነትን ይገድላል” ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቁጥሩን እንየው። መድኃኒቱ ሲፈቀድ ከተመሠረተባቸው ጥናቶች ውስጥ ክኒኑን ከወሰዱት 945 ወንዶች 36ቱ (3.8 በመቶ) ከስሜት መቀነስና ከመሰል ችግሮች ቢያንስ አንዱን ተናግረዋል። መድኃኒት የሌለበትን የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 934 ወንዶች ደግሞ 20ዎቹ (2.1 በመቶ) ያንኑ ተናግረዋል። ልዩነት አለ፤ ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜም ክኒኑ ሲቆም ይጠፋል።

ብዙውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ክኒኑ ከቆመ በኋላም የቀጠለ የወሲብ ችግር መዘገቡ መግለጫው ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የፊናስቴራይድ ክኒን የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን አረጋግጧል። ይህ በጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ግን ድብርት ያለበት ሰው ክኒኑን ከመዋጡ በፊት ይህን ማወቅ የለበትም? ወንድሜን ማንም “እንቅልፍህ እንዴት ነው? ልብህን ይከፋሃል?” ብሎ አልጠየቀውም። በምርቃት መሀል የተሳቀበት ሰው ነው፤ ቢጠየቅ ኖሮ የሚናገረው ነገር አይጠፋውም ነበር።

ሌላም አለ። ውጤቱ ለመታየት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ክኒኑን ያቆመ ሰው ያገኘውን ፀጉር በዓመት ውስጥ መልሶ ያጣዋል። ስለዚህ ክኒኗ አንድ ጊዜ ተገዝታ የምትረሳ አይደለችም፤ የዓመታት ትዳር ናት። ወንድሜ ግን “አንድ ወር ልሞክራትና” ብሎ ነው የገዛት። በአንድ ወር ጉዳቱን ሊያገኝ ይችላል፤ ጥቅሙን ግን አያገኝም። እንዲህ ዓይነት ንግድ መርካቶ ውስጥ ቢገጥመው ሻጩን በአንገቱ ይዞት ነበር!

የእኔ ተራ

ወንድሜ ላይ ብቻ መሳቅ ደግ አይደለም፤ የራሴንም ልናገር።

ከተመረቅሁ በኋላ ቡታጅራ አክስቴ ቤት ከርሜ ነበር። ያን ሰሞን ፀጉሬ በማበጠሪያ ሳይሆን በእፍኝ መውጣት ጀመረ። ትራሴ ላይ ፀጉር፣ ባልዲው ውስጥ ፀጉር። አክስቴ “የሰው ዓይን ነው” አለች። ጓደኛዬ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ባዮቲን ግዢ አለችኝ። (ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ የልብ ድካምን የሚለየውን ጨምሮ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ያሳስታል ብሎ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። ይሄን የሚነግር ቲክቶከር እስካሁን አላየሁም።) እኔ ተመራቂዋ ደግሞ “ሳይንስ ይሻላል” ብዬ ወደ አንድ ፋርማሲ ገባሁ።

“ፀጉሬ እየረገፈ ነው።”

“የሚዋጥ ነው የሚቀባ የምትፈልጊው?”

ምርጫው ልክ ሻይ ነው ቡና እንደማለት ነው። “የሚሻለውን” አልኩት። “የሚዋጠው ይፈጥናል” አለና አንድ ማሸጊያ አስቀመጠልኝ። ሚኖክሲዲል።

የዚህ ደግሞ ታሪኩ ይብሳል። ሚኖክሲዲል ክኒን እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በሌላ መድኃኒት አልበርድ ላለ ከባድ የደም ግፊት ነው። ሕመምተኞቹ ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ፀጉር ሲያወጡ ጊዜ ነው “ለመላጣም ይሆናል” የተባለው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የሚቀባው ተፈቀደ። የሚዋጠው ግን ለፀጉር ብሎ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት አልፈቀደውም። የቆዳ ሐኪሞች በራሳቸው ኃላፊነት፣ ለግፊት ከሚሰጠው በጣም ባነሰ መጠን ያዝዙታል፤ ለብዙዎችም ጠቅሟል። እግር ሊያሳብጥ፣ ልብ ሊያስመታ፣ ሲነሡ ሊያዞር፣ ሴት ልጅን አገጯ ላይ ፀጉር ሊያበቅልባት ይችላል። ከባድ የልብ ችግር ላለበት ሰውማ ጨዋታ አይደለም፤ የክኒኑ መግለጫ ልብ ዙሪያ ውኃ ሊቋጥር እንደሚችል በጥቁር ሣጥን ውስጥ ያስጠነቅቃል።

መጠኑን የምታቃልሉ ካላችሁ የስፔኑን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስፔን ውስጥ ለሕፃናት ጨጓራ የሚሰጥ ሽሮፕ በስሕተት በኦሜፕራዞል ፈንታ ሚኖክሲዲል ገባበት። ከደርዘን በላይ ሕፃናት ግንባራቸውና ጉንጫቸው በፀጉር ተሸፈነ። ያ ሁሉ የሆነው ዕቃው ላይ የተለጠፈው ስም ተሳስቶ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ስሙ ልክ ነው፤ የሚያነብልን ሰው ነው የጠፋው።

“የሚዋጠው ይፈጥናል” የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የብራዚል ጥናት 90 ወንዶችን ወስዶ የሚዋጠውንና የሚቀባውን ሚኖክሲዲል አነጻጽሮ ነበር። ከ24 ሳምንት በኋላ የሚዋጠው ከሚቀባው አልበለጠም።

እና ያ ልጅ ግፊቴን ለካኝ? አልለካም። እርጉዝ መሆን አለመሆኔን ጠየቀኝ? አልጠየቀም። ከሁለት ወር ከምናምን በፊት ታይፎይድ አጥምዶኝ ሳምንት ሙሉ መተኛቴን ጠየቀኝ? ከየት አውቆ!

መልሱ ያለው እዚያ ነበር። ማሸጊያውን ትቼ ወጣሁና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንዲት ጤና መኮንን ወንበር ሰጥታኝ “በቅርብ ታመሽ ነበር ወይ? የወር አበባሽ ይበዛል ወይ? ሹሩባ ታጠብቂያለሽ ወይ?” አለችኝ። ከባድ ትኩሳት ካለፈ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ ከወሊድ በኋላም እንደዚያው። አብዛኛው ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ደሜ ተመረመረ፣ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የብረት ክኒን ታዘዘልኝ። እሱም የሚዋጥ ነው! ከወራት በኋላ ፀጉሬ ተመለሰ። የእኔ ክኒን ማን እንደሆነ ያወቀው የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

ለእኛ ለሴቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ግንባራችን ዳርና ጆሯችን አጠገብ የሚሳሳው ብዙ ጊዜ በሆርሞን ሳይሆን በመጎተት ነው። የጠበቀ ሹሩባ፣ ተጎትቶ የተሰፋ ሂውማን ሄር፣ ላዩ ላይ ካውያ። መጀመሪያ ላይ ከተላላ ይመለሳል። ሥሩ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን የትኛውም ክኒን አያበቅለውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ያሉት አባቶቻችን ስለ ፀጉርም ተናግረው ነው መሰለኝ። ፋርማሲስቱ ሻሽሽን አውልቂና ልየው ቢለኝ ኖሮ ለክኒን የሚከፈል ገንዘብ ስንቷ ሴት ታተርፍ ነበር!

ክኒን የጠፋባቸው ልጆች

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ።

ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ወጣ በሉና አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ቁሙ። ልጆቹ ሲወጡ አናታቸውን እዩ። ክብ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት የያዘ ራስ ታያላችሁ። ቆረቆር ነው። ይህ የፀጉር መርገፍ ይተላለፋል፤ ማበጠሪያና ኮፍያ ሲዋዋሱ፣ አንድ ምላጭ ለሦስት ልጅ ሲዞር።

እዚህ ላይ ነው ክኒን ያለ ጥርጥር የሚያስፈልገው። ፈንገሱ የሚኖረው ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም። ግሪሲኦፉልቪን የሚባለው ክኒን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከእሱ በፊት ሰው ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እስራኤል ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የስደተኛ ልጆች ራስ ለዚሁ በሽታ በኤክስሬይ ተመታ። አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ የጭንቅላት ዕጢና ካንሰር መጣባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 አገሪቱ የካሳ ሕግ አወጣችላቸው። ክኒን ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

እኛስ? የልጁን ራስ ላጭተን ነጭ ሽንኩርት እናሽበታለን፣ ነጭ ጋዝ እንቀባዋለን። ፋርማሲ ከሄድንም ትንሿን ቅባት ይዘን እንመለሳለን። ወይም ኬቶኮናዞል ክኒን ይሰጠናል፤ ጉበት ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓው ኤጀንሲ ከገበያ ይታገድ ያለው፣ አሜሪካም ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ አይሰጥ ብላ የገደበችው ክኒን! ትክክለኛውን ክኒን ያገኘ ልጅም ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት ማሳከኩ ሲቆምለት እናቱ ታቋርጠዋለች። እንዲያ ያደረገችው “ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው” ያላት ስላልነበረ ነው። ጉበቱ ደኅና መሆኑን የጠየቀ የለም። ክኒኑ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ እንደሚሠራም የነገራት የለም። ቅቤ ደግሞ በእኛ ቤት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? እናቶቼ፣ ቅቤውን ከልጁ አናት ላይ አንሡና ከክኒኑ ጋር አብሉት!

እንግዲህ ሥዕሉን አንድ ላይ እዩት። ክኒን የሚያስፈልገው ልጅ ቅባት ይዞ ይሄዳል። መርማሪ የሚያስፈልጋት ሴት የግፊት ክኒን ይዛ ትሄዳለች። ምክር የሚያስፈልገው ወንድ የሽማግሌ ክኒንና ምላጭ ይዞ ይሄዳል። ሦስቱም የከፈሉት ለአንድ ፋርማሲ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አልተጠየቁም።

“ምን አገባሽ?” ለምትሉኝ

አንደኛው ተቃዋሚዬ “አዋቂ ሰው ነው፣ የገዛ ገላው ነው፣ የፈለገውን ይዋጥ” ይላል። እስማማለሁ! ግን የፈለገውን ለመዋጥ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ሳያውቅ የዋጠ ሰው መረጠ አይባልም። ደግሞስ ያ ዱቄት የጠረጴዛውን ጥግ አልፎ የሚስቱ መዳፍ ላይ አርፏል። እሷን ማን አስመረጣት?

ሁለተኛው “ሁሉም ኬሚካል ነው፤ እሬትና ጥቁር አዝሙድ ይበቃል” ባይ ነው። አባቴ፣ ቆረቆር የያዘውን ልጅ በእሬት ስታቆይ ቁስሉ ያብጥና ጠባሳ ይተውለታል፤ ያቺ ቦታ ዕድሜ ልኳን አታበቅልም። ክኒንን በጅምላ መፍራትም እንደ ጅምላ መዋጥ ነው። ሁለቱም አለመጠየቅ ናቸው።

ሦስተኛው እውነተኛ ችግር ይዞ ነው የሚመጣው። “የቆዳ ሐኪም የት አለ? አብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ ከወልቂጤ አለርት ሆስፒታል ለመድረስ ሩቅ ነው። ለፀጉር ብዬ ሥራ ፈትቼ ልሂድ?” ልክ ነው። ግን ይህ ክርክር ለማን ነው የሚያግዘው? ሐኪሙ ሩቅ ከሆነ ያ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ብቸኛው የጤና ባለሙያ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይቅር ሳይሆን ይብዛ ነው የሚያሰኘው።

አራተኛው ራሱ ፋርማሲስቱ ነው። “ሰው ይቸኩላል፤ እኔ ብጠይቀው ጎረቤት ሄዶ ይገዛል።” ይህን ያለኝ ልጅ ውሸታም አይደለም፤ ደክሞት ያለው ነው። ግን ወንድሜ፣ ዓመታት ተምረህ ዲግሪ የያዝከው ብር ለመቁጠር ነው? ለመቁጠርማ ወንድሜ ሱቅ ያለው ተቀጣሪ ይበቃ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ አለን፣ ቁጥር 1112። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አለን። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት የሚባል ነገርም አለ። ማዘዣው የቀረው ጉዳዩ “የፀጉር ብቻ” ስለሆነ ይመስላል። ክኒኑ ግን ፀጉር ላይ ብቻ ሂድ ተብሎ አይላክም፤ ደም ውስጥ ገብቶ ልብም ጉበትም ማኅፀንም ይጎበኛል።

አራቷ ጥያቄ

እኔ የምጠይቀው ፋርማሲ ይዘጋ አይደለም። አራት ጥያቄ ነው የምለምነው።

አንድ፦ ፀጉሩ እንዴት ነው የረገፈው? ቀስ በቀስ ነው፣ በአንዴ ነው፣ ክብ ክብ ሆኖ ነው? እስቲ ልየው።

ሁለት፦ ሌላ ምን ሕመም አለብህ፣ ምን ትወስዳለህ? ልብ፣ ግፊት፣ ጉበት፣ ድብርት?

ሦስት፦ አንቺ ወይም ቤትህ ያለች ሴት ነፍሰ ጡር ናት?

አራት፦ ለወራት ምናልባትም ለዓመታት ልትወስደው ተዘጋጅተሃል?

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቡታጅራ ደግሞ ለጥያቄ እንግዳ አገር አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከጀመሩ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ “ማን ተወለደ? ማን ሞተ? በምን ሞተ?” ሲሉ ኖረዋል። ያ መዝገብ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ የቡታጅራን ስም አስጠርቷል። ተመራማሪ ለጥናቱ ብሎ የገበሬውን ደጅ ካንኳኳ፣ ደጁ ድረስ በእግሩ የመጣውን ሰው ፋርማሲ አራት ጥያቄ መጠየቅ ያቅተዋል?

እኛም ደግሞ ንጹሕ አይደለንም። ሰው ፋርማሲ ገብቶ በሹክሹክታ “የፀጉር” የሚለው ለምንድን ነው? ከአጎቴ ዓይነቱ ሳቅ ሸሽቶ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን እየሳቅን የምናስደብቀው እኛው ነን። አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ፋርማሲ ስትገባ ማሸጊያውን ከነካርቶኑ ከነወረቀቱ ጠይቅ። ባይጠይቅህ አንተ ጠይቀው። አንድ ነገር ከገጠመህም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውለህ ተናገር። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

የወንድሜን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልወጣም። ሚስቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ አረጋጋቸው፤ በእጅ የተጠረገች ብናኝ ጉዳት የማድረስ ዕድሏ ትንሽ ነው፣ ግን አይደገም አለ። ከዚያ ወንድሜን አስቀምጦ ጠየቀው። ስለ ግፊቱ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሐሳቡ። ወንድሜ እንደነገረኝ ስለ ፀጉሩ ሰው ሳይስቅበት ሲያወራ የመጀመሪያው ነበር።

ክኒኑን ዛሬም ይወስዳል! ተጠይቆ፣ አውቆ፣ በማዘዣ፣ ቀጠሮ እየጠበቀ። የሚሰነጠቅ ክኒንና ምላጭ ግን ሁለቱም ከዚያ ቤት ወጥተዋል።

ልጁም ጤነኛ ሆኖ ተወለደ። ወንድ ነው። ጠያቂው ሁሉ መጥቶ ሲያየው አጎታችን ጎንበስ አለና “ይሄስ ከአባቱ የባሰ መላጣ ነው!” አለ።

ያን ቀን ወንድሜ ከልቡ ሳቀ። ኮፍያ አላደረገም ነበር።

ቸር እንሰንብት።